ትከሻው ዝቅ ያለው ሰውዬ

ውድ እማዬ፣

መጽሐፍሽ እንደገና ሊታተም ነው። አሳታሚው ቤት ድረስ መጥቶ፣ «በቋንቋችን ሴት ከጻፈቻቸው የፍቅር ልብ ወለዶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እኮ ነው» እያለ ሲያሞካሽሽ፣ እኔ በሆዴ «አይ ጊዜ» አልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ትራስ ሥር ደብቆ አንብቦ ሲያበቃ አንቺን መንገድ ላይ ሲያይ ፊቱን ያዞር የነበረበትን መጽሐፍ ነው እንዲህ የሚለው። የምሥራች ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እንዳሰብኩት አልሆነም።

ሰውን የሚጎዳው ስድብ ይመስለኝ ነበር፤ አንቺን የጎዳሽ ሙገሳ ነው። ያ የጋዜጣ ሃያሲ የዘመኑን ደራሲዎች «ፍቅርን በወሬ የሚያውቁ» እያለ ሲያብጠለጥል ቆይቶ፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ቀለጠ። የልብ ወለድሽን አፍቃሪ አንስቶ «ግራ ትከሻው ዝቅ ያለውን ይህን ሰው ደራሲዋ አልፈጠረችውም፤ ታውቀዋለች፣ ወድዳዋለች» ብሎ ጻፈልሽ። ባል እንዳለሽ ማን ይንገረው?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አባዬ የሰማው ከሰፈሩ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ደንበኛ ጋዜጣውን አምጥቶ ልብስ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋለት። መጽሐፉን አልገለጠውም፣ ጋዜጣው በቃው። ምሳ ሊበላ መጥቶ «ማነው?» አለሽ። «ማንም አይደለም፣ ከራሴ ነው ያወጣሁት» አልሽው። ምሳውን ሳይነካ ተነስቶ ወደ ሱቁ ሄደ።

ልብስ ሰፊ ባይሆን ምናልባት ይተወው ነበር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ ሃያሲው ለአባዬ ትከሻ አዋሰው። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ስለቅም አየው ነበር፤ የገባውን ወንድ ሁሉ ሜትሩን ከአንገት ወደ ቀኝ፣ ከአንገት ወደ ግራ እየዘረጋ ደጋግሞ ይለካዋል። ሰው እየፈለገ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ምስኪን የሂሳብ አስተማሪ ታስታውሺዋለሽ? ቦርሳ ሲሸከም ኖሮ ግራ ትከሻው ወደቅ ይል ነበር። አባዬ ኮቱን ከግማሽ ላይ ትቶ «ሌላ ቦታ አሰፋው» ብሎ አስታቀፈው። ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ እጅጌ የሌለው ኮት ይዞ ሄደ። የዚያን ቀን እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ስትስቂ አላየሁሽም፤ ሁለተኛ መጽሐፍም አልጻፍሽም። ልትሞቺ ስትይ እጄን ይዘሽ «አንቺ እንኳ እመኚኝ» አልሽኝ። አመንኩሽ።

አባዬ አሁን አልጋ ይዟል፣ ዓይኑም ደክሟል። አሳታሚው የሃያሲውን ቃል ሽፋኑ ላይ ላትመው ሲለኝ «በጭራሽ» አልኩት። ከዚያ መጽሐፍሽን ለአባዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጥርጣሬውን ይዞ እንዳይሞት ብዬ ነው። እንዲፈርድልሽም ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ትከሻው ጋ ስደርስ ምንም አላለም። ሰውዬሽ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሚስቱን «ዛሬ ምን ስታስቢ ዋልሽ?» የሚላት፣ ተናግራ እስክትጨርስም የሚጠብቃት ቦታ ስደርስ ግን እጁን አነሳ።

«ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት።

«በየቀኑ ነው የሚጠይቃት?»

«በየቀኑ ነው አባዬ።»

«እንዲህ ያለ ወንድ የለም» አለ። «ስንቱን ለካሁ፣ ስንቱስ ሱቄ ውስጥ ቆሞ ስለ ሚስቱ ሲያወራ ሰማሁ። እንዲህ የሚል አልገጠመኝም። እናትሽ እውነቷን ነው፤ ከራሷ ነው ያወጣችው።»

እማዬ፣ ደስታዬን አልችለውም ነበር። ይኸው ፈረደልሽ ብዬ እጁን ልስም ጎንበስ ስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሰው ቢሆን ኖሮ የበለጠኝ አንድ ሰው ነበር» አለ። «እሱን እጣላዋለሁ። አጠገቤ ተኝታ ከባዶ ሰው የሠራችው ምን ባጎድልባት ነው? እኔ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።»

ከዚያ ወዲያ እህል አልቀምስ አለ። ሾርባውን ይዤ ስገባ አፉን ይገጥማል። ሐኪሙ መጥቶ አየውና «አዲስ ነገር የለበትም» ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ደግፎ ያቆመው ቂሙ ነበር፤ የቀማሁትም እኔው ነኝ።

ትናንት ጠዋት ጠራኝ። «ያ የጋዜጣው ሰውዬ ያለውን ሽፋኑ ላይ ያድርጉት» አለኝ።

«ውሸት እኮ ነው አባዬ። ራስህ አልክ እኮ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ ነሽ ከሷ ጋር ትንሾካሾኪ የነበርሽው። ለአንቺ ትነግርሽ ነበር። ሰው ነበረ፣ አይደል?»

አባዬ ሰው ሲለምን አይቼ አላውቅም፤ ትናንት ለመነኝ።

«ነበረ» አልኩት።

«ማነው?»

«ስሙን አልነገረችኝም።»

«ድሮም አውቅ ነበር» አለና በክርኑ ተደግፎ ተነሳ። ሾርባ አምጪልኝ አለኝ፤ ሁለት ሳህን ጠጣ። ሲጠጣ አንቺንም ሰውየውንም ሙልጭ አድርጎ ሰደባችሁ። ፊቱ ላይ ደም ተመልሶ ነበር። እኔ ሳህኑን ይዤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አሳታሚው ዘንድ ሄጄ ፈርሜያለሁ። መጽሐፍሽ በሃያሲው ቃል ተሸፍኖ ይወጣል፤ የሚያነብሽ ሁሉ እሱን ያምናል። የሚያምንሽ አንድ ሰው ነበረሽ፣ እሷም አሳልፋ ሰጠችሽ። አባዬ እውነቱን አልቻለውም እማዬ፤ አንቺ ግን ውሸቱን ትችይዋለሽ ብዬ ነው። መቻል ሁልጊዜም የአንቺ ድርሻ ነበር።

የምታምንሽ ልጅሽ