ፀሐይ በቀለም ላይ የምታደርገውን የመረመሩት የዶክተር የብርጓል ይስማው የሕይወት ታሪክ

ዶክተር የብርጓል ይስማው ከአባታቸው ከመሪጌታ ይስማው ወልደ ሰንበትና ከእኔ ከእናታቸው ከወለተ ሐዋርያት በጥር ወር 1962 ዓ.ም. ዲማ ተወለዱ። የወለድኋትን ልጅ አንቱ ማለት ለአፌ ይከብደዋል፤ ወጉ ነውና እላለሁ። ፊደል ስላልቆጠርሁ ቃሉ የእኔ፣ ጽሕፈቱ የባለቤታቸው የመምህር አንሙት ነው። ሊያለሰልሰው ቢሻም አልፈቀድሁም።

የተነከረ አለላ በጥላ እንጂ በፀሐይ እንደማይደርቅ በአገራችን ሕፃን ያውቃል። እርሳቸው ግን በልጅነታቸው ለመሶብ የነከርሁትን ቀይ አለላ፣ ቶሎ ይድረቅ ብለው ደጅ አሰጡት። ገርጥቶ ገለባ መስሎ ቆየኝ። ተቆጣሁ፤ ደግም አደረግሁ። እርሳቸው ቁጣዬን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ቀለሙ የት ሄደ እያሉ አስቸገሩኝ። ፀሐይን ጠይቂያት አልኋቸው። ጠየቋት።

ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ማርቆስ ጨርሰው በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኬሚስትሪ ተማሩ። በ1988 ዓ.ም. ከመምህር አንሙት ኃይለ ሚካኤል ጋር በተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ዜማን ወለዱ። በ1995 ዓ.ም. ከጀርመን አገር በዶክትሬት ተመርቀው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ በመምህርነት አገለገሉ።

ምርምራቸው በፈሳሽ የሟሟ ቀለም ብርሃን ሲውጥ የሚሆነውን ማየት ነበር። ነገሩ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ስለማይቆይ፣ አንዱን የሌዘር ብርሃን ለመምታት፣ ሌላውን ለማየት አከታትለው ይልኩ ነበር። ሲያስረዱኝ እንቅልፍ ይወስደኛል። ይህች ግን ገባችኝ፦

«እምዬ፣ ብርሃን የዋጠ ቀለም ወዲያው ለከበበው ውኃ ካካፈለው ይድናል። ይዞት ከቆየ ይሰበራል።»

ያስተማሩኝን ራሳቸው አልሠሩበትም። የጡት ሕመም ሲጀምራቸው፣ ተማሪዎቼ ይመረቁልኝ ብለው ለባላቸውም ለእኔም ሳይናገሩ ይዘውት ቆዩ። ለፋሲካ መጥተው ክንዳቸው አልነሣ ሲላቸው አይቼ ብጠይቅ፣ ድካም ነው አሉኝ። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ቀኑ አልፎ ነበር። ግንቦት 19 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በ44 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ቀድሜ መቀበር የሚገባኝን እኔን ትተው ሄዱ።

ቀለም የማያገረጣ ብርሃን ባለበት አምላክ ነፍሳቸውን ያኑር።

ካህናቱ ለቅሶ ይብቃ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ዛሬ ግን ይለፉኝ። ዜማዬ፣ እናትሽ ካረፈች ጀምሮ እንባሽን ውጠሽ እንግዳ ታስተናግጃለሽ፤ ሰውም ጨዋ ልጅ ይልሻል። ተይው። ነይ ወደ እኔ፣ አካፍይኝ።