መብራቱን ማን አጠፋው?

የካቲት 5
የሳሎኑ ሶኬት ዛሬም ብልጭ አለ። ካውያ ስሰካ የቃጠሎ ሽታ... ባለቤቴ፣ "ኤሌክትሪሺያን ጥራ አላልኩህም?" አለች። እጠራለሁ አልኳት። ለአንዲት ሶኬት? ምን በወጣኝ! ካቻቢቴ አለኝ፣ ፒንሳ አለኝ። ወንድ ልጅ ምን ሊጎድለው?

የካቲት 6
አዲስ ሶኬት ገዛሁ። ጃኬቴ ውስጥ ደብቄ አስገባሁት። በገዛ ቤቴ ሌባ!

የካቲት 7
ባለቤቴ ለእርግዝና ክትትሏ ሐኪም ጋ ሄደች። እስክትወልድ እኛ ጋ የሚቆዩት አማቴ ተኝተዋል። አሁን ነው አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ቆጣሪ ቫልቮላዋን ነቅዬ መብራቱን አጠፋሁና እዚያው አስቀመጥኳት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ብናገር ለልጃቸው ሊነግሩብኝ አይደል?
ሶኬቱን ፈታሁ፣ ሽቦዎቹን አወጣሁ። አንዷ ብሎን አምልጣኝ ሶፋ ሥር ገባች። ተንበርክኬ ስፈልግ የሳሎኑ አምፖል ቦግ!
ከኮሪደሩ የአማቴ ድምፅ፣ "አይዞህ ልጄ! መብራቱ ጠፍቶ ነበር፣ አበራሁልህ!"
አበራሁልህ... ሽቦዎቹ ራቁታቸውን አፍጥጠውብኛል። ያቺ ብሎን ባታመልጠኝ ጣቶቼ የት ነበሩ? ተመስገን!
"እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ቫልቮላዋን እንደገና ነቅዬ፣ አሮጌውን ሶኬት መልሼ ገጠምኩና አፌን ዘጋሁ።

የካቲት 8
ምሳ ላይ ጉዴ ወጣ። አማቴ በኩራት፣ "ትናንት እኮ መብራት ጠፍቶ እኔ ነኝ ያበራሁለት!" አሉ።
ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "መብራቱን ማን አጠፋው?"
ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ።
"አንተን ነው!"
አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ትጮኻለች ስል ሆዷን ይዛ አለቀሰች። "ይሄ ልጅ አባቱን በፎቶ ይወቀው?" አማቴ ፊታቸው አመድ መሰለ። "በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር?"
"የለም እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልነግርዎት ይገባ ነበር።"
ምሳቸውን ትተው ተነሱ።

የካቲት 9
አማቴ አያናግሩኝም። ቆጣሪው ጋ ሲደርሱ ማዶውን ግድግዳ ታከው ነው የሚያልፉት።

የካቲት 12
ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። እኔው ነኝ የጠራሁት! ቤተሰቡን ሰብስቤ፣ "ቫልቮላ ሊነቀል ነው፣ ማንም እንዳይነካ!" ብዬ አወጅኩ። ኤሌክትሪሺያኑ ሳቀ። አማቴ አልሳቁም። ቫልቮላዋን ከእጁ ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት።
"እማማ፣ እኔ እኮ መብራት መኖር አለመኖሩን የማይበት ቴስተር አለኝ" አላቸው።
"ቴስተርህን አላውቀውም። ቦርሳዬን ግን አውቀዋለሁ።" ዚፑን ዘግተው ጎረቤት ሄዱ።
ሥራው አለቀ። ቫልቮላ የለችም። ስልካቸውን ቤት ትተውታል፣ የትኛው ጎረቤት እንደሄዱም አልነገሩን። ኤሌክትሪሺያኑ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ጣራ ያያል... ባለቤቴን ሳቅ አፈናት። ስንት ቀኔ ይህን ሳቅ ካየሁ!
በመጨረሻ መጡ። "እጃችሁን አሳዩኝ።" መጀመሪያ የኤሌክትሪሺያኑን አገላብጠው አዩ፣ ቫልቮላዋንም ሰጡት። ቀጥሎ የኔን ያዙ።
"እማማ፣ እኔ እኮ ዛሬ ምንም አልነካሁም።"
"አውቃለሁ ልጄ" አሉ። እጄን ግን አልለቀቁትም።