ስለ ጠንቋይነቴ ለብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ አዘዘ
የብሎካችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም፣ እንዲሁም ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጦ የአራተኛውን ፎቅ ወሬ የሚለቅመው ጆሮዎ እንዴት ሰነበታችሁ? የጣና ነፋስ ለጆሮ አይስማማም ይባላልና፣ በረንዳ ሲወጡ እባክዎ ሸፈን ያድርጉት።

እኔ ከእርስዎ በላይ ያለውን ቤት የተከራየሁት ነርሷ የብርጓል አምሐ ነኝ። ስሜን መናገሬ እርስዎ ረስተውኛል ብዬ አይደለም። በግቢው በር ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ «አራተኛ ፎቅ ብቻዋን የምትኖር፣ ከሐሙሲት የመጣች፣ በጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ግለሰብ» ብለው ስሜን በጥንቃቄ ስለደበቁልኝ ነው። በዚህ ፎቅ እንዲህ ያለች ሌላ ሴት ስለሌለች ምስጢሩ እስካሁን እንደተጠበቀ ነው።

በስብሰባ ላይ «በነጥብ በነጥብ እንሂድ» ማለት ስለሚወዱ፣ እኔም ምስጋናዬን በነጥብ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በጥሞና ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ግሩም ከአዳማ ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ ላፕቶፔ ላይ አንድ ጌም ጭኖልኝ ሄደ። ሰው ብቻውን የሚጫወተው ነው፤ አንድን አገር ዘንዶ ወርሮታል፣ ተጫዋቹም ዘንዶውን ሊገድል ይነሣል። ከመነሣቱ በፊት ግን ሙያ መምረጥ አለበት፦ ተዋጊ፣ ቀስተኛ፣ ሌባ፣ ካህን፣ ፈዋሽ ወይም ጠንቋይ። አንዴ ከመረጡ በኋላ መለወጥ የለም። በእውነተኛው ዓለም ሙያዬን የመረጠልኝ የፈተና ውጤቴ ስለነበር፣ ምርጫው በእጄ ሲገባ ጨነቀኝና ኔትወርክ ወደሚገኝበት በረንዳ ወጥቼ ለግሩም ደወልሁ።

«ፈዋሽ ሁኚ እንጂ፣ ሙያሽ አይደል?» አለኝ።

«ቀኑን ሙሉ ቁስል ሳጥብ ውዬ፣ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የማላውቀውን ሰው ቁስል ላጥብ?»

«እንግዲያው ሌባ ሁኚ።»

«ሌባስ አልሆንም፤ እናታችን ብትሰማ ምን ትላለች? ጠንቋይ እሆናለሁ። ጠንቋዩ ከመዳፉ እሳት ያወጣል።»

በማግስቱም ደውዬ፣ ክቡርነትዎ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ እንዳሠራጩት፣ «አሁን የማቃጥለው በሩን የሚጠብቀውን ሽማግሌ ነው፤ አላሳልፍ ብሎኛል» አልሁት። ያ ሽማግሌ የጌሙ ግንብ ጠባቂ ነበር። የግቢያችን ጥበቃ ጋሽ ተክለ ጊዮርጊስ ግን ወሬው ከደረሳቸው ወዲህ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱና ሮጠው ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ይቆማሉ። ቀድሞ እስኪከፍቱልኝ ድረስ ሐሙሲት ደርሼ እመለስ ነበር። ለዚህ የአገልግሎት መሻሻል ምስጋናዬ ከልብ ነው።

፪ኛ. አዲስ አበባ ላለችው አከራዬ ለወይዘሮ ሔራን ደውለው «ቤትሽ ውስጥ ጥንቆላ ተጀምሯል» ስላሏት አመሰግናለሁ። ቧንቧው ሲፈነዳ፣ ጣሪያው ሲያፈስ አንሥታው የማታውቀውን ስልክ ለእርስዎ ወዲያው አነሣችልዎ። ለእኔም ደውላ በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድለቅ ነገረችኝ።

፫ኛ. ይህን ነጥብ ሳልቀልድ ብጽፈው ይቅር ይበሉኝ።

ከፊት ለፊቴ የሚኖሩት እማማ ወለተ ኪዳን የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን ያውቃሉ። ዓይናቸው ስለደከመ መርፌውን ራሳቸው መውጋት አይችሉም፤ ልጃቸው ሲና በቆጋ መስኖ ልማት ስለምትሠራ ኑሮዋ መራዊ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት የምወጋቸው እኔ ነበርሁ። ማስታወቂያዎ በተለጠፈ ማግስት እንደ ልማዴ አንኳኳሁ።

«እማማ፣ የብርጓል ነኝ።»

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ዛሬ ይቅርብኝ» አሉኝ ከውስጥ። በሩ ሥር ጠበል ረጭተው ኖሮ ጫማዬ ራሰ።

«እሺ፣ እኔን አይዩኝ። መርፌው ግን አይቅር፣ ሌላ ሰው ይጥሩ።»

«አቶ አዘዘ የሚወጋ ሰው አመጣለሁ ብለውኛል።»

ወደ እርስዎ ወርጄ መቼ እንደሚያመጡ ጠየቅሁ። «ጉዳዩ በኮሚቴ ተይዟል» አሉኝ። የስኳር ሕመም ኮሚቴን እንደማይጠብቅ ነገርሁዎ፤ በሩን ዘጉብኝ። ለሲና ስደውል ስልኳ አልሠራ አለ። በማግስቱም አንኳኳሁ፣ በማግስቱም «ይቅርብኝ» አሉኝ።

በዚያው ዕለት ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ሰው ተሰብስቧል። እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፣ እንደ ሯጭ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ ትንፋሻቸው የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ያ ሽታ ስኳሩ ለሞት እስከሚያደርስ ድረስ መውጣቱን እንደሚናገር አውቃለሁ። እርስዎ ግን እጅዎን ዘርግተው መንገዱን ዘጉ።

«አትንኪያቸው! ካህን ተጠርቷል።»

«ካህኑም ይምጡ፣ ባጃጅም ይምጣ፤ ባጃጁ ግን ይቅደም!» ብዬ በክንድዎ ሥር አለፍሁ። ገፍቼዎ ከሆነ አስቤበት ነው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው የፋብሪካ ሠራተኛው ባምላክ እማማን በጀርባው አዝሎ አወረደልኝ፤ ሌላው ሁሉ እርስዎን ያይ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» አለና የቀረውን ተወው። ፈሳሹ በደም ሥራቸው ተሰጠ፣ ኢንሱሊኑ ተሰጠ፣ እኔም ከአልጋቸው ሳልነቃነቅ አደርሁ።

በማግስቱ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«የብርጓል፣ እውነት ጠንቋይ ነሽ?»

«በጨዋታ ብቻ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ጨዋታ ነው አይሉኝም?» ብለው እጄን ያዙኝ። አለቀስሁ። ለሚቀጥለው ማስታወቂያዎ የሚሆን ከሆነ ይጠቀሙበት።

፬ኛ. እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለጠሩት ጠቅላላ ጉባኤ አመሰግናለሁ። የባጃጁ ዕለት ያስጠሯቸው የእማማ ነፍስ አባት ቄስ ወልደ ሐዋርያት በክብር ተቀምጠው፣ እርስዎ ክሱን ቆመው አነበቡ። ቄሱ አዳምጠው ሲጨርሱ «ጥንቆላውን አምጪና አሳዪኝ» አሉኝ። ላፕቶፑን አውርጄ ከፈትሁላቸው።

«ይኼ ቀይ ካባ የለበሰው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባ።»

«ጠላትሽስ?»

«ዘንዶ ነው።»

«ገደልሽው?»

«ገና ነኝ አባ። ልደርስበት ስል መብራት ይጠፋል።»

ጉባኤው ሳቀ፤ እርስዎ ብቻ ሥነ ሥርዓት እንዲከበር አሳሰቡ። ቄሱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ካህን የለበትም እንዴ?» አሉ።

«አለበት አባ፤ ግን ብዙ ሰው አይመርጠውም።»

«እዚያም?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞረው፣ የሚወጋ ሰው አመጣለሁ ብለው ቃል መግባትዎ እውነት እንደሆነ ጠየቁ። እርስዎም «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ብለው መለሱ። ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። ከመራዊ የመጣችው ሲና ተነሥታ «እናቴ ስትሞትም በሂደት ላይ ትሉ ነበር?» አለችና ጥላን ወጣች። ሰዉ አንድ በአንድ ተከትሏት ወጣ። ጉባኤው በምን እንደተዘጋ በቃለ ጉባኤዎ እንዴት እንደሚያሰፍሩት ለማየት ጓጉቻለሁ።

ስለሆነም ያለሁበትን ሁኔታ በአክብሮት አሳውቃለሁ። ሲና ከነገረቻት በኋላ ወይዘሮ ሔራን ደውላ «ኧረ ባክሽ አትልቀቂብኝ» ብላለች፤ ቧንቧውን ግን አሁንም አላሠራችም። እማማ ጠዋት ጠዋት በራቸውን ገርበብ አድርገው ይጠብቁኛል። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ እኔ ቤት መጥተው ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ ስክሪኑ በደንብ ስለማይታያቸው የሚሆነውን እየተረክሁላቸው እጫወታለሁ። ባለፈው «ያንን ሽማግሌ ምን ነካው? ቢያሳልፍሽ ኖሮ ምን ነበረበት» ብለው ለግንብ ጠባቂው አዘኑለት። ሙያዬን አልለወጥሁም፤ መለወጥ የለም ብያለሁና።

ጠንቋይ መሆኔን ከእኔ ቀድመው ስላወጁልኝ፣ ላደረጉትና በኮሚቴ ይዘው ላላደረጉት ሁሉ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የአራተኛ ፎቋ አንዲት ግለሰብ፣
የብርጓል አምሐ

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ትናንት ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ ከጉባኤው ወዲህ ራስዎን እያዞረዎ ስለሆነ ሰው ሳያይ የደም ግፊትዎን እንድለካልዎ በጆሮዬ ለምነውኛል። በደስታ፤ ነገ ከሥራ ስመለስ ይምጡ። የምለካው በግራ ክንድ ስለሆነ ቀኝ እጅዎ ለማማተብ ነፃ ይሆናል።