ጳጳሱን ማን ሰጠው?

ደምሴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቢቸና ያው ናት። የቤታችንን ቆርቆሮ ግን ቀይሬዋለሁ፣ ያስቸግርህ የነበረው በርም አሁን በደንብ ይዘጋል። እኔም ያው ነኝ፤ ሰው ሲስቅልኝ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ ትለኝ የነበረው ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም።

ሰሞኑን የማልወደው ሰው ትዝ ይለኛል፤ ያ ጀርመናዊ ጳጳስህ። ባሕር ዳር ለክረምት ትምህርት ሄደህ ያመጣኸውን የእርሱን ታሪክ የያዘ አሮጌ መጽሐፍ ይዘህ፣ የታሪክ መምህርነትህ በትምህርት ቤት አልበቃ ብሎህ፣ ጾም በገባ ቁጥር ለእኔና ለልጃችን ለአንዱዓለም ትተርክልን ነበር። ከወንዝ ዳር ግንብ ከነበራቸው መሳፍንት መወለዱን፣ በልጅነቱ አባቱ ለቤተ ክርስቲያን መስጠቱን፣ ጳጳስ ሁን ሲሉት አልቅሶ እምቢ ማለቱን፣ በረሃብ ዘመን ጎተራ ከፍቶ ድሃ ማብላቱን፣ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሳያልቅ እዚያው መቀበሩን። አንተ ስትተርክ እንባ ይተናነቅህ ነበር። እኔ ደግሞ ርስቱ ለማን ሆነ ብዬ እጠይቅሃለሁ። ለታላቅ ወንድሙ ስትለኝ፣ እንግዲያው ከርስቱ ገፉት እንጂ ለእግዚአብሔር አልሰጡትም እልሃለሁ። ሰው በግ ነው እንዴ የሚሰጥ? አንተ ትስቅብኛለህ። አንዱዓለም ግን አይስቅም፤ አፉን ከፍቶ ይሰማህ ነበር። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

አሁን ደግሞ ወንድምህ መሪጌታ ከሞጣ ይመላለሱ ጀመር። አንተ በሕይወት ሳለህ በዓመት አንዴ እንኳ የማይመጡ ሰው፣ ሚኒባስ ተሳፍረው በደብረ ወርቅ በኩል በየወሩ ከች ይላሉ። ማር ያመጣሉ። እርሳቸው ሳይቀምሱት እኔ አልቀመስሁም። ከዚያ አንዱዓለምን ይዘው ከአባታችሁ ወደ ወረሳችኋት ማሳ ይወርዳሉ፤ ያንተ ድርሻ ከእርሳቸው ጋር ድንበርተኛ እንደሆነች ታውቃለህ። ድንበሩ ላይ ቆመው በመቋሚያቸው ወዲያና ወዲህ ሲያመለክቱ አይቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ልጁ እኔ ዘንድ ቅኔውን ይጨርስና ገዳም ይግባ አሉ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው። እርሱ ከመነነ ማሳዋ ወዴት እንደምትዞር ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ጳጳሱ ከነወንድሙ ቤቴ ገባ አልሁ።

ሞጣ ድረስ ሄድሁባቸው። በተማሪዎቻቸው ፊት፣ መሬቱን ከፈለጉ ይውሰዱት፣ ልጄን ግን ይተዉልኝ አልኋቸው። አልተቆጡም። ተማሪዎቹን አሰናብተው፣ ተቀመጪ አሉኝ። አንዱዓለምን ስወልድ ምጥ ጠንቶብኝ ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ፣ አንተ ደጅ ተንበርክከህ፣ እርሷን ብቻ አትርፍልኝ፣ የሚወለደውን ለአንተ እሰጣለሁ ብለህ መሳልህን ነገሩኝ። ስትታመም ደግሞ ስለቱን ለእርሳቸው አደራ ብለሃል። ማሳውንም ያሳዩት የነበረው፣ እርሱ ሲሄድ እኔ እንዳልቸገር ማን እንደሚያርስልኝ እየመከሩት ነው አሉ። ይህቺን እንኳ ገና አላመንኋትም። ስለቱን ግን አመንሁ፤ እሰጣለሁ የምትል ቃል ያንተ ናት።

ለካ አንተ ነህ፣ ደምሴ! ያን ሁሉ ዘመን የጳጳሱን አባትና ወንድም ስጠረጥር፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ከአንድ ገበታ እየቆረስህ ልጄን ታዘጋጅ ነበር። በዚያ ሁሉ ታሪክ የጳጳሱን እናት የጠየቃት የለም። እኔንም የጠየቀኝ የለም። ከሞጣ እስከ ቢቸና ሚኒባስ ውስጥ ሳለቅስ መጣሁ። ግማሹ ንዴት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ለካ ይህን ያህል ትወደኝ ኖሯል ብዬ ነው።

አንዱዓለምን ስጠይቀው ያውቅ ነበር። መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ስለው፣ አባዬ ከተሳለ ምን አደርጋለሁ አለኝ። እፈልጋለሁ አላለኝም። በእውነት መሄድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ እንዲያ አንገቱን አይደፋም።

የንስሐ አባታችንን አማከርሁና ቆረጥሁ። የዳንሁት እኔ ነኝ፤ ስለቱንም የምከፍለው እኔ ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ ቆብ እደፋለሁ። ልጁ ቢሻው በገዛ እግሩ ይመንን፣ ቢሻው ያግባ። ይህን ስነግረው ተነሥቶ ወጣ፤ ወዲያው ከጓሮ ሲያፏጭ ሰማሁት። ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ሲያፏጭ ያልሰማሁት!

አንተንም አልረሳህም፤ ቆቡም አያስረሳኝም። ለጸሎት በቆምሁ ቁጥር በክርስትና ስምህ እጠራሃለሁ፤ መጀመሪያ ይቅር እንዲልህ፣ ቀጥሎ ነፍስህን እንዲያሳርፋት። ግን ሳትነግረኝ የተሳልኸው ሌላ ነገር ካለ በሕልሜ መጥተህ ዛሬውኑ ተናገር። ከእንግዲህ የምሰጠው ሰው የለኝም።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ