አስር ሰዓት ከአርባ ደቂቃ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ይህም ደህና ከተባለ። ስለ እማዬ ግን አልጠይቅህም፤ እስካሁን የሰማሁት ይበቃኛል።

በስልክ ልነግርህ ሦስቴ ሞክሬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ "ምሳ በላችሁ?" ብዬ እዘጋዋለሁ። ቢቸግረኝ ብዕር አነሳሁ።

ማክሰኞ ዕለት "መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ስትለኝ፣ "ሁለት ቀን፤ ሦስት አውሮፕላን መቀየር አለው" አልኩህ አይደል? ዋሽቼህ ነው። ስምንት ዓመት ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ይህን አጥቼው መሰለህ? ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀጥታው በረራ አስር ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ደንበኞቼ ከመድረሻው ሰዓት ላይ የመነሻውን ቀንሰው "ሰባት ሰዓት ከአርባ ብቻ!" ብለው ሲፈነድቁ፣ "ኧረ ተዉ፣ የሁለቱ አገር ሰዓት እኮ አንድ አይደለም" የምላቸው እኔ ነኝ። ለባዳ ደቂቃ ሳላዛንፍ ለገዛ ወንድሜ ሁለት ቀን ፈጠርኩ። ጉድ እኮ ነኝ!

የባሰው ደግሞ እማዬ አመነችኝ። "ልጄ ሳትደርስ ኦፕራሲዮን ክፍል አልገባም፤ ሁለት ቀን ምን አላት" ብላለች አልከኝ። ሐኪሙም የሐሞት ከረጢቷ ሳይፈነዳ ቶሎ ትግባ ብሎ ተቆጥቷል። እማዬን እናውቃታለን፤ ከልጆቿ አንዱ ከጎደለ ገበታ እንኳ አታስቀርብም። አንተም "ምን ትንቀረፈፊያለሽ?" ብለህ ጮህክብኝ። እውነትህን ነው።

ወንድም ጋሼ፣ አልመጣም። እንቢ ብዬ አይደለም፣ አውሮፕላኑ ላይ አያሳፍሩኝም። ወረቀቴ ሙሉ ነው፣ ትኬትም ሞልቷል። ግን ወራቸው ገብቷል ተብለው ከበር የሚመለሱ መንገደኞች አሉ፤ "ይቅርታ እመቤት፣ ለሁለታችሁም ደግ አይደለም" እያልኩ ደንቡን የማነብላቸው እኔው ነኝ። ቀለበት አለማሰሬን ታውቃለህ፤ ከዚህ በላይ አታስጽፈኝ። ሁለት ቀን ያልኩህ እስክደፍር ድረስ ነበር። አፈርኩ። አንተ ብትቆጣ እችለዋለሁ፤ የእማዬን ዝምታ ነው የፈራሁት። ይኸው በኔ እፍረት እሷ በሕመም ትገላበጣለች።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ሰው ደንበኛዬ ነው፤ ዛሬ በቀጥታው ይበራል። ለምኜው፣ ከኤርፖርት በቀጥታ ሆስፒታል እንዲያደርስልኝ ቃል ገብቶልኛል። እንግዲህ መንገዱን በሱ ለካው።

እባክህ እያነበብክ አትቀመጥ፣ ተነስና ግባላት። አትሸፋፍንልኝ፤ ሁሉንም ንገራት። ብትፈልግ ትቆጣኝ፣ ብትፈልግ ዝም ትበለኝ፤ ብቻ ሳትጠብቀኝ ዛሬውኑ ትግባ።

እሷን ያትርፍልን፣ አንተንም ጤና ይስጥልኝ። እጇን ሳምልኝና፣ ከዳንሽ የምታቅፊው አለሽ በላት።

ያስቸገረችህ ታናሽ እህትህ