ዳገቱ ያቃተው እግሬን አይደለም

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራና ጥገና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፤

እግሬን ሰድበዋል። ሰላምታ ከነገር እንደሚቀድም አላጣሁትም፤ ነገር ግን ሰላምታ የረጋ ልብ ይጠይቃል፣ የእኔ ልብ ደግሞ ይህችን ካልተናገርኩ አልረጋም ብሎ አስቸገረኝ። አሁን ወጥታልኛለችና ወደ ወጉ ልመለስ። ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም እግሮችዎ እንዴት ከርመዋል? ከዚያ ከሚሽከረከረው ወንበርዎ ሲነሱና ሲቀመጡ አንዳች ሕመም እንዳይነካቸው፣ ከቢሮዎ እስከ ግቢው በር ባለው ረጅም መንገድ ላይም እንዳይዝሉብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ ቸርነት የመኪናዬን ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ።

ይህ ደብዳቤ ለጋዜጣም ስለሚላክ፣ ከእርስዎ ሌላ የሚያነበው ሰው ነገሩ እንዳይደናገረው ከሥሩ ልጀምር። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ላይ ነው። ሱፍ ሲሆን ዝግ ብሎ፣ አቡጀዲ ሲሆን ፈጠን ብሎ፣ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ደግሞ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ መርገጥን ይህ እግር ያውቅበታል። ስለ ሌላው አካሌ የፈለጉትን ቢሉ ባልተቀየምኩ፤ ዓይኔ ያለ መነጽር አይሠራም፣ ጥርሴም ሁሉም የእኔ አይደለም። እግሬን ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እግሬን ባይነኩብኝ በወደድኩ።

መኪናዬ ተርቦ ያላት አሮጌ የናፍጣ መኪና ናት። ተርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መዘውር ነው፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ የደረስኩበት ነው። አየሩ በግፊት ሲገባ መኪናዋ ጉልበት ታገኛለች። ግፊቱ ሲያንስ ሜዳ ላይ ደህና ትሮጥና ዳገት ላይ አስም እንዳለበት ሰው ታለከልካለች። የእኔዋም እንደዚያ ሆነች። ባለቤቴን ለጉልበቷ ሕክምና በየሳምንቱ የማደርስበት ሆስፒታል ደግሞ የተሠራው ዳገት ጫፍ ላይ ነው። ጥቁር ጭስ እየተፋን፣ አሸዋ የጫነ መኪና ሳይቀር እየቀደመን መውጣት ጀመርን። ባለቤቴ በመስኮት እጇን አውጥታ የሚቀድሙንን ሁሉ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣሁ። ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ፣ «አባቴ፣ ምንም አያስቡ» አሉኝ። እኔም ተርቦው ሞቷልና ቀይሩልኝ ብዬ በግልጽ ነገርኩዎ። ተርቦው እንዳልሞተ በኋላ ታውቋል፤ ቢሆንም ከሰፈሩ አልራቅኩም። በማግስቱ እርስዎ ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ደወሉ። መኪናዋ ፍጹም ጤነኛ መሆኗን፣ ጉድለቱ ያለው ነዳጁን በማይረግጠው እግር ላይ መሆኑን፣ ይህም በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ስለሆነ አባቷ መንዳቱን ቢተዉ እንደሚሻል በትሕትና አስረዷት። ልጄ የተማረ ሰው የተናገረውን አክብራ የምትቀበል ሰው ናት፤ እንደዚያ አድርጌ ያሳደግኋት እኔው ነኝ፣ የዘራሁትን አጨድኩ። «አባዬ፣ ለአንተው ብዬ ነው» ብላ ቁልፉን ከኮቴ ኪስ አወጣችው። ኪሱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ።

የእርስዎ መሥሪያ ቤት ሁሉን ነገር በቁጥር እንደሚወድ አይቻለሁና ቅሬታዬንም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስላጠባችሁልኝ አመሰግናለሁ። በማዕከልዎ ደንብ መሠረት ማንኛውም መኪና ሞተሩ በኃይለኛ ውሃና በሳሙና ሳይታጠብ ወደ መመርመሪያው ክፍል አይገባም። መርማሪዎችዎ ነጭ ካፖርት ስለሚለብሱ ደንቡ ይገባኛል፤ ነጭ ጨርቅ ማጠብ ምን ያህል እንደሚያስመርር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ከተርቦው የሚወጣው አየር ስስ የዘይት ጤዛ ይዞ ስለሚሄድ ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ ካለው ጤዛው እዚያው ይወጣል፣ አቧራ ይይዛል፣ «እዚህ ነኝ፣ ኑ» እያለ እንደሚጣራ ጥቁር እድፍ ሆኖ ይቀመጣል። ሌባው የጫማውን ዱካ ወለሉ ላይ ትቶ ሄዶ ነበር፤ እናንተ ግን መርማሪው ከመድረሱ በፊት ወለሉን ወልውላችሁ ጠበቃችሁት። ሞተሬ ከተገዛ ጀምሮ እንደዚያ አብርቶ አያውቅም። ጎረቤቶቼን ጠርቼ አሳይቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ባለሙያዎ መኪናዬን ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ሥር እንደቆመች ነዳጅ እየሰጡ አስጮኋት፤ እኔም ከለስላሳው ወንበር ሆኜ በመስታወት አየሁ። ቆሞ የሚጮኽ ሞተር የሚሸከመው ነገር የለውምና ተርቦውን አያስጨንቀውም፤ ግፊት ሳይኖር ደግሞ የሚያፈስ ቀዳዳ አይታወቅም። ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ «ደረጃ መውጣት ይችላል» ብሎ የጤና ምስክርነት እንደመስጠት ነው። ዳገቱ እኮ ከአጥራችሁ ጀርባ ይጀምራል! የደንበኛ መኪና ከግቢ እንዳይወጣ የሚከለክል ትእዛዝ እንዳለ ዘበኛችሁ ነግረውኛል፤ ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ። በዚህ አያያዝ በማዕከልዎ ታሪክ አንድም መኪና ዳገት አቅቶት እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ።

ሦስተኛ፦ መኪናዋ ላይ የሰካችሁት የመመርመሪያ ኮምፒውተር ምንም አላለም ብለዋል። ዝም ያለ ሁሉ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ከመቃብር ስፍራ የበለጠ ጤና የሚገኝበት ባልነበረ።

አራተኛውና ዋናው ቅሬታዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። እርስዎ በደወሉ በሳምንቱ ባለቤቴን ወደ ሆስፒታል የወሰዳት የልጄ ባል ነው። ይህ ልጅ እሑድ እሑድ ኳስ የሚጫወት፣ እግሩ እንደ ግንድ የሆነ ጎልማሳ ነው። እኔ ቤት ቀረሁ። ዳገቱ መሃል ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ማለክለክ ጀመረች፤ እርሱም ነዳጁን ከወለሉ ጋር እስኪጣበቅ ረገጠው፣ ጥቁሩ ጭስ ጨመረ እንጂ ፍጥነቱ አልጨመረም። ከኋላቸው ክላክሱ ተንጫጫ፤ አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ወርደህ ብትገፋት አይሻልም?» ብሎ መክሮታል። ክቡር ሆይ፣ የእኔ እግር አርጅቶ ነው፤ የእርሱ እግር ምን ሆኖ ነው? ወይስ እርጅና በጋብቻ ይተላለፋል?

ባለቤቴ በበኩሏ ግራ ቀኝ ሳትል «ይኼ ነገር ከእኔ በኩል ያፏጫል፤ ስንወጣ ያፏጫል፣ ስንወርድ ዝም ይላል፤ ለአባትህ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ» አለችው። እውነት ነው፣ ነግራኛለች። እኔም ሬዲዮው ነው ብያታለሁ። ሬዲዮው ያን ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር እርሷ ትናገራለች። ስለዚህች ነጥብ ቤታችን ውስጥ በቂ ውይይት ስለተደረገ እዚህ አልደግመውም።

ሲመለሱ ኮፈኑን ከፈትን። መኪናዋ ከእናንተ እጅ ከወጣች ወዲህ ውሃ ስላልነካት፣ በባለቤቴ መቀመጫ በኩል፣ ከተርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ከሥሩ ጥቁር እድፍ አውጥቶ ጠበቀን። በዓይን ቀዳዳ አይታይም፤ በጣት ሲዳሰስም የለም። ስለዚህ ቱቦውን ፈታነው። አንዱን አፍ በእንጨት ውታፍ ደፈንኩት፤ በሌላው ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ማለትም ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ የተቆረጠ ቁራጭ ከነመንፊያ አፉ አልብሼ በወፍራም ክር ጠምጥሜ አሰርኩት። ማሰሩን ማንም አላገዘኝም፣ የሙያዬ ነው። ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን በውሃ ሞልታ ቱቦውን እየደፈቀች ያዘች። የልጄ ባል ውታፉን በሁለት እጁ ተጫነ። በእግር የሚረገጠውን የጎማ መንፊያ ማን እንደረገጠው ለእርስዎ ግምት እተዋለሁ።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ግፊቱ ሲጨምር ግን ቱቦው እንደ ፊኛ አበጠና ከሆዱ ሥር እንደ ከንፈር የተከደነ ስንጥቅ ተከፈተ፤ ሳፋው ፈላ። መርገጥ ስተው ከንፈሩ ይገጠማል፣ ስረግጥ ይከፈታል። የልጄ ባል «አባባ፣ ይኼ እኮ እየሳቀብን ነው!» ብሎ ውታፉን ለቀቀውና ሦስታችንም ረጠብን። ባለቤቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ሬዲዮው ይኸውልህ» አለችኝ።

ቱቦው ተገዝቶ ተለወጠ። በማግስቱ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው፤ አሸዋ የጫነውንም መኪና ቀደምነው፣ ባለቤቴም እጇን አውጥታ ሰላም አለችው። የነዳው ግን የልጄ ባል ነው። እኔ የኋላ ወንበር ላይ፣ ለታማሚዋ የተዘጋጀውን ትራስ ታቅፌ ተቀምጬ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን ሁሉንም በጥሞና ከሰማች በኋላ «ቱቦው ከዚያ ወዲህ ተቀዶ ይሆናላ፤ ያኔማ መኪናዋ ደህና ነበረች ተብያለሁ» አለችኝ። ቁልፉም በእርሷ ቦርሳ ውስጥ ቀረ። ይህን ያህል እርግጠኛ የሆነችበት ምክንያት አልገባኝም፤ መጠየቅም አልወደድኩም፣ አባት ልጁን ቁልፍ አይለምንም። ባለቤቴ ግን ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ከእኔ ጋር ዝም ብላ መሄድ ትወዳለች። የልጄ ባል ጨዋ ነው፣ ነገር ግን ስለ ኳስ ያወራል፤ እርሷም ስትመለስ ከጉልበቷ ይልቅ ጆሮዋን እየታመመች ነው።

ስለዚህ ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያው ስልክ፣ ለዚያችው ልጅ፣ በዚያው ጣፋጭ ድምፅዎ ደውለው «ቱቦው ነው እንጂ እግራቸው አይደለም» ይበሉልኝ። የተናገሩት እርስዎ ነዎትና የሚያነሱትም እርስዎ ነዎት። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ የማይመጥንዎትን ሥራ ልጭንብዎ አልሻም።

በመጨረሻም ለለስላሳው ወንበር፣ ለቀዝቃዛው ውሃ፣ ለሚያበራው ሞተር፣ ለዝምተኛው ኮምፒውተር፣ በተለይም ስለ አካሌ ሁኔታ ሳልጠይቅ ለተደረገልኝ ነፃ የሕክምና ምርመራ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ የሰውን እግር ከሩቅ የማየት ተሰጥኦዎ እንዲጠበቅልዎ፣ በመንገድዎም ሁሉ ዳገት እንዳይገጥምዎ እየተመኘሁ፣ በሁለት እግሩ ቆሞ እጅ የሚነሣዎት፣

አክባሪዎ፣
የቀድሞው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ እኔ የምጽፈው በብዕር ነው፤ ወደ ጋዜጣው እንዲላክ በኮምፒውተር የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ሁለተኛው ቅሬታ ላይ ስትደርስ እጇን አቆመችና «አባዬ፣ ከግቢ ሳትወጣ ነው እንዴ የመረመሯት?» አለችኝ። አዎ፣ ጥላ ሥር ነው፣ እያየሁ ነው አልኳት። እርሷም እርስዎ በስልክ «ዳገቱ ላይ ወስደን በደንብ ሞክረናታል» እንዳሏት ነገረችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ እርስዎን ውሸታም አልልም፤ ዳገቱ ከቢሮዎ መስኮት ስለሚታይ በዓይንዎ ወጥተውት ይሆናል። ልጄ ግን ተነሥታ ሄደች፤ ስትመለስ ቁልፉን ወረቀቴ ላይ አስቀመጠችውና ቁጭ ብላ ጽሑፏን ቀጠለች። ስለዚህ መደወል አያስፈልግዎትም። ቢደውሉም የምታነሣው እርሷ ናት፣ እኔም አላስታርቃችሁም። ነገ ባለቤቴን ይዤ እወጣለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ ለእርስዎም፣ ለልጄም፣ ለባሏም፣ ስለ ሬዲዮው ለምታነሣብኝ ለባለቤቴም ጭምር አንዲት ቃል አልናገርም።