የባሩድ ምርቃት

መብራቱ፣

የተተኮሰው ቀለህ ከጠመንጃው አልላቀቅ ሲል፣ ጥፋቱን በብረቱ እርጅና ላይ ሳላክክ ኖሬአለሁ፤ ተሳስቻለሁ። ባለፈው እሑድ ካስቴልኑቮ ጫካ ለአደን ወጥተን ስተኩስ እሳቱ ጉንጬን ሲለበልበኝ፣ «ጋሼ መጽሐፍ እንጂ ጠመንጃ መች ያውቃሉ!» ብለህ ጣሊያኖቹን አሳቅህብኝ።

ትናንት ጥይት ስትሞላ አየሁህ። ባሩዱን በሚዛን ከለካህ በኋላ፣ በየቀለሁ ቆንጠር እያደረግህ ጨመርህበት። ምነው ስልህ፣ «ምርቃት ነዋ፣ ጋሼ! ከርከሮ እኮ ነው» አልኸኝ።

ምርቃት የጤፍ ገበያ ወግ ነው። የባሩድ ትርፍ የሚመለሰው ወደ ተኳሹ ፊት ነው።

ነገ የሚተኩሰው ወንድምህ ተኪኤ ነው፤ ከደርግ ጥይት አምልጦ ሮማ የገባ ሰው።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀው።
ስለ ጉንጬ አልቀየምህም።

ጥይቶቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ባሩዱን ከጓሮው አፈር ጋር ደባልቄዋለሁ።